ከኦዜኪ ወደ ጆኒዳን፣ ከጆኒዳን ወደ ዮኮዙና፦ የቴሩኖፉጂ መዝገብ

የሱሞ ታጋይን ማወቅ የፈለገ ሰው ቀድሞ የሚከፍተው የውጤት መዝገቡን ነው። በዓመት ስድስት ውድድር አለ። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይያዛል፦ ማዕረጉ፣ ያሸነፈው፣ የተሸነፈው፣ የቀረበት ቀን። የብዙዎቹ መዝገብ ተራራ ይመስላል። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የቴሩኖፉጂ ሃሩኦ መዝገብ ግን ሁለት ተራራ አለው። መሃሉ ገደል ነው።

በ2017 አጋማሽ ኦዜኪ ነበር። ከላይ ሁለተኛው ማዕረግ ማለት ነው። በማርች 2019 ከታች ሁለተኛ በሆነው በጆኒዳን እርከን ከጀማሪ ልጆች ጋር ሲታገል ተገኘ። በጁላይ 2021 ደግሞ 73ኛው ዮኮዙና ሆነ፤ ከሁሉም በላይ ያለው ማዕረግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከእሱ በፊት ኦዜኪ ደርሶ እስከ ጆኒዳን የወረደ ሰው አልነበረም። ወርዶ የተመለሰማ ከየት ይመጣል?

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ "ተስፋ አለመቁረጥ" ብሎ ይቋጨዋል። ውሸት አይደለም። ግን መዝገቡን መስመር በመስመር ላየው ሰው ሌላም ነገር አለ። የሰውዬው ጉልበት በሴፕቴምበር 2015 ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሆኖ አያውቅም። በሕይወቱ ካነሳቸው አስር የማኩኡቺ (የላይኛው እርከን) ዋንጫዎች ዘጠኙ የመጡት ከዚያ ጉዳት በኋላ ነው። ታዲያ ምን ተቀየረ? እንደኔ አስተያየት የተቀየረው ያንን ጉልበት የሚያወጣበት ሂሳብ ነው። የት እንደሚያጠፋው፣ የት እንደሚቆጥበው፣ መቼ ጭራሽ መድረክ ላይ እንደማይወጣ። ይህን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል።

የማዕረጉ ሕግ

ሱሞ ስድስት እርከን አለው። የላይኛው ማኩኡቺ ነው። በውስጡ ከላይ ወደ ታች ዮኮዙና፣ ኦዜኪ፣ ሴኪዋኬ፣ ኮሙሱቢና ማኤጋሺራ የሚባሉ ማዕረጎች አሉ። ከስሩ ጁርዮ ይመጣል። ከዚያ ማኩሺታ፣ ሳንዳንሜ፣ ጆኒዳን፣ መጨረሻ ላይ ጆኖኩቺ። የላይኞቹ ሁለት እርከኖች በአንድ ውድድር ለ15 ቀን በየቀኑ ይታገላሉ። የታችኞቹ አራቱ ሰባት ጊዜ ብቻ። ከግማሽ በላይ ያሸነፈ ይወጣል፣ ያልሞላለት ይወርዳል። ከየውድድሩ በፊት ባንዙኬ የሚባል አንድ ትልቅ ወረቀት ይወጣል፤ የታጋዮቹ ሁሉ ስም በእጅ ጽሑፍ ተደርድሮበታል። የዮኮዙና ስም ከሩቅ ይነበባል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ፊደሉ እየቀጠነ ይሄዳል። የታችኞቹ እርከኖች ላይ ሲደርሱ መነጽር ያስፈልጋል።

ትልቁ ድንበር ጁርዮና ማኩሺታ መካከል ያለው ነው። ጁርዮ የደረሰ ታጋይ በ2019 በወጣው ስኬል በወር 1.1 ሚሊዮን የን ደሞዝ ይበላል። ኦዜኪ 2.5 ሚሊዮን፣ ዮኮዙና 3 ሚሊዮን ያገኛል። ማኩሺታ ላይ የወር ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። በየውድድሩ የምትሰጥ አነስ ያለች አበል ናት ያለችው። ጁርዮ የደረሰ ሰው ዕቃውን የሚሸከሙለት፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ጀርባውን የሚያሹለት ታናናሾች ይመደቡለታል። ከወረደ ይሄ ሁሉ መብቱ ያልፋል። ልብስ እንኳን በማዕረግ ነው። የጆኒዳን ታጋይ በብርድ ወቅትም ቢሆን ደንቡ የሚፈቅድለት ስስ የጥጥ ልብስና የእንጨት ጫማ ነው። ካፖርት መልበስ በራሱ መብት ነው፣ በድል የሚገኝ።

አሁን ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ወደሆኑት ሦስት ሕጎች እንምጣ።

አንደኛው መቅረትን ይመለከታል። ከ1972 ጀምሮ አንድ ደንብ ነበር። መድረክ ላይ የተጎዳ ታጋይ ቀጣዩን ውድድር ቢቀር ማዕረጉ ይጠበቅለታል። ያለ በቂ ምክንያት የሚቀረው በዛ ተብሎ ደንቡ በ2003 መጨረሻ ተሰረዘ። ከ2004 ወዲህ መቅረት እንደ መሸነፍ ነው የሚቆጠረው። እግሩ የተሰበረም፣ ጉንፋን የያዘውም እኩል ይወርዳሉ። ውጤቱን መገመት አይከብድም። ጉዳተኛው ሳይድን ይመለሳል፣ እንደገና ይጎዳል።

ሁለተኛው የኦዜኪ ሕግ ነው። ኦዜኪ በአንድ መጥፎ ውድድር አይወርድም። ከስምንት ድል በታች ካገኘ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ይገባል። በቀጣዩ ስምንት ካሸነፈ ማዕረጉ ይተርፋል፣ ካላሸነፈ ይነጠቃል። ሦስተኛው ደግሞ ዮኮዙና ጭራሽ አይወርድም ይላል። የቀረውን ያህል ቢቀር ማዕረጉ አይነካም። ያለው አንድ መውጫ በር ጡረታ ነው።

አነሳሱ

የትውልድ ስሙ ጋንቱልጋ ጋንኤርደኔ ነው። በኖቬምበር 1991 በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ተወለደ። በ18 ዓመቱ ጃፓን ገብቶ ቶቶሪ ጆሆኩ በሚባለው፣ በሱሞ በሚታወቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማረ። በኋላ ኢቺኖጆ በሚል ስም የታወቀው ታጋይ አብሮት በአንድ አውሮፕላን የመጣ ልጅ ነው። ከዚያ ማጋኪ የሚባል አነስተኛ የሱሞ ቤት (ታጋዮች አብረው የሚኖሩበትና የሚለማመዱበት) ገባና በ2011 ዋካሚሾ በሚል ስም መታገል ጀመረ።

ማጋኪ በ2013 ማርች ተዘጋ። ታጋዮቹ ወደ ኢሴጋሃማ ቤት ተዛወሩ። ይሄ መዘጋት ለእሱ ሎተሪ ነበር ቢባል አልተጋነነም። ኢሴጋሃማ ውስጥ በየጠዋቱ አብረውት የሚለማመዱት እነ ዮኮዙና ሃሩማፉጂ፣ እነ አሚኒሺኪ፣ እነ ታካራፉጂ ናቸው። የቤቱ ኃላፊ ራሱ 63ኛው ዮኮዙና የነበረው አሳሂፉጂ ነው። አዲስ ስምም ተሰጠው። ግማሹ ከቀድሞው ዮኮዙና ከቴሩኩኒ፣ ግማሹ ከአሳሂፉጂ ተወስዶ ቴሩኖፉጂ ተባለ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጁርዮ ገባና የመጀመሪያውን ውድድር አሸነፈ። በማርች 2014 ማኩኡቺ ደረሰ።

192 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፣ አጥንቱ ሰፊ ነው። የዚያን ጊዜ አታጋገሉ በቀላሉ ይገለጻል፦ "ግባ፣ አሳይሃለሁ።" ተጋጣሚው ደረቱ ስር እስኪገባ ይፈቅድለታል። ከዚያ በሁለት ክንዱ ከውጭ አንቆ ይይዘውና ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሌላ ሰው ቢያደርገው የሚሸነፍበት አያያዝ ነው። እሱ ግን ያሸንፍበታል። ሲታይ ያምራል። ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው ግን የታጠፈ ጉልበት ላይ ነው።

2015 የእሱ ዓመት ሆነ። በማርች ለመጀመሪያ ጊዜ ሴኪዋኬ ሆኖ 13 ለ 2 ወጣ። ለ36 ግጥሚያ ሳይሸነፍ የመጣውን ዮኮዙና ሃኩሆንም በ13ኛው ቀን ጣለው። በሜይ 12 ለ 3 ሆኖ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ሳምንት ኦዜኪ። ገና 23 ዓመቱ ነው። ቀጣዩ ዮኮዙና ማን ይሆናል የሚል ጥያቄ የቀረ አይመስልም ነበር፣ የቀረው መቼ የሚለው ነው።

ስምንት ለሰባት

በሴፕቴምበር 2015 ውድድሩን እየመራ ነበር። በ13ኛው ቀን ከኪሴኖሳቶ ጋር ሲታገል ወደ ኋላ ወደቀና የቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። ያኔ መውጣት ነበረበት፣ በጤነኛ አእምሮ ሲታሰብ። አልወጣም። ጉልበቱን ጠቅልሎ ተመለሰ፣ በመጨረሻው ቀን ዮኮዙና ካኩርዩን አሸንፎ እኩል ሆነ፣ በመለያው ግጥሚያ ተሸነፈ። ጋዜጦች በሙሉ ጀግንነቱን ጻፉ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን መስመሮች ልደርድራቸው። በጃንዋሪ 2016 የአንገት ሥር አጥንቱ ተሰብሮ አቋረጠ፣ 3 ድል። በማርች 8 ለ 7። በሜይ 2 ለ 13፣ ከዚህ ውስጥ 13ቱ ሽንፈት ተከታታይ ነው። በጁላይ 8 ለ 7። በሴፕቴምበር 4 ለ 11። በኖቬምበር 8 ለ 7። በጃንዋሪ 2017 እንደገና 4 ለ 11።

አየህ? አንዱ ውድድር ይበላሻል፣ ቀጣዩ ላይ ልክ ስምንት ይመጣል። ስምንት ማለት ማዕረጉ የምትተርፍበት የመጨረሻዋ ቁጥር ናት። አንድም አያንስም፣ አንድም አይተርፍም። አንድ ሰው ለዓመት ያህል ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ይሄን ይመስላል። የኦዜኪ ሕግ ታጋዩን ለመጠበቅ የወጣ ነው። እዚህ ጋ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። አንዱን ውድድር ባልዳነ ጉልበት ያበላሻል። ቀጣዩን ማረፍ አይችልም፣ ካረፈ ይወርዳል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ አሟጦ ስምንት ይሰበስባል፣ ጉልበቱ ይብሳል፣ ቀጣዩ ውድድር ይበላሻል። ዙሩ እንደዚህ ነው የሚቀጥለው።

ማርች 2017 ላይ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ኦሳካ ውስጥ 13 ለ 2። ግን ያ ውድድር ለእሱ መልካም ትዝታ አይመስለኝም። በ14ኛው ቀን የገጠመው ኮቶሾጊኩን ነው። ኮቶሾጊኩ ኦዜኪነቱን አጥቶ ለመመለስ አስር ድል የሚፈልግ፣ ሕዝቡ የሚወደው አንጋፋ ነው። ቴሩኖፉጂ ገና ሲነሱ ፊት ለፊት መጋጠሙን ትቶ ወደ ጎን ዞር አለበት። ኮቶሾጊኩ ተደፋ፣ ተስፋውም አበቃ። ሕጉ ይፈቅዳል። ሕዝቡ ግን አልፈቀደም፤ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ወደ ሞንጎሊያ ተመለስ የሚል ስድብም ከታዳሚው ወጥቶ በኋላ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኗል። በማግስቱ ደግሞ ክንዱና ደረቱ የተጎዳ አዲስ ዮኮዙና፣ ኪሴኖሳቶ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አሸንፎት ዋንጫውን ወሰደ። ጃፓን በደስታ አለቀሰች። ተሸናፊውም ጤነኛ እንዳልነበረ፣ ሁለቱም ጉዳተኞች እንደነበሩ ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በሜይ 12 ለ 3 ሆነና ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ተናደ። በጁላይ አንድ ድል፣ አምስት ሽንፈት፣ አቋረጠ። በሴፕቴምበርም ልክ እንደዚያው። ኦዜኪነቱ ሄደ።

ታች

በ2017 መጨረሻ ነገሮች በአንድ ላይ መጡ። በኖቬምበር ሴኪዋኬ ሆኖ አምስት ጊዜ ታግሎ አምስቱንም ተሸነፈና ወጣ። በዚያው ሰሞን የቤቱ ልጅ ሃሩማፉጂ ቶቶሪ ውስጥ በአንድ የምሽት ግብዣ ላይ ታካኖይዋ የተባለውን ታጋይ በመደብደቡ ቅሌት ተነሳና ዮኮዙናው ጡረታ ወጣ። ቴሩኖፉጂ በስፍራው ከነበሩት አንዱ ነበር። የቤቱ ኃላፊ አሳሂፉጂም ከሱሞ ማኅበሩ ቦርድ ወረደ። ሁለቱም ጉልበቶቹ ታመዋል። ስኳር በሽታ ተገኘበት፣ ጉበቱም ታመመ።

በጃንዋሪ 2018 አንድም ሳያሸንፍ ወጣ። ጁርዮ ወረደ። እዚያም 6 ለ 9። በሜይ እንደገና ዜሮ። ከዚያ ማኩሺታ፣ ማለትም ደሞዝ የለም። በ2018 አጋማሽ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደረገ። ከዚያ አራት ውድድር በተከታታይ ሙሉ በሙሉ ቀረ። በመዝገቡ ላይ እነዚህ አራት መስመሮች ተመሳሳይ ናቸው፦ ዜሮ ድል፣ ዜሮ ሽንፈት፣ ሰባት መቅረት። በየመስመሩ ማዕረጉ ይወድቃል። ማኩሺታ፣ ማኩሺታ፣ ሳንዳንሜ፣ ሳንዳንሜ። ከዚያ ጆኒዳን 48።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ልተው ብሎ ለኃላፊው ደጋግሞ ነግሮታል። ይህንን እሱም ኃላፊውም በአደባባይ ተናግረዋል። የኃላፊው መልስ ሁሌም ያው ነው፦ መጀመሪያ ሰውነትህን አድን፣ ስለማቆም ከዚያ በኋላ እናወራለን። እዚህ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ። ይሄ መልስ ከመዝገቡ ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ይመስለኛል። ያ ሰው "በርታ፣ ለቀጣዩ ውድድር ድረስ" አላለውም። ማዕረጉን እርሳው ነው ያለው። ለሁለት ዓመት ስምንት ለማግኘት ሲንፈራገጥ የነበረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መውረድ ተፈቀደለት። የወረደውም ዘግይቶ ነው። በ2016 ቢሆን ኖሮ ጉልበቱ ምናልባት ይህን ያህል ባልተበላሸ ነበር። ግን ኦዜኪ የሆነን የ24 ዓመት ልጅ "ማዕረግህን ጣለው" የሚል ማን አለ? ሕጉ ራሱ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምረው።

ማርች 2019፣ ኦሳካ። የጆኒዳን ግጥሚያ በጠዋት ነው። ኦዜኪዎቹ ወደ መድረክ የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ጆኒዳን ሲታገል አዳራሹ ገና ባዶ ነው፤ ወንበሩን የሚጠርጉ ሠራተኞች፣ ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ ጥቂት ወላጆች። ጨው መበተን የለም፣ እሱ ለላይኞቹ ነው። አራት ደቂቃ እየተነሱ እየተቀመጡ መፋጠጥ የለም፣ ስምህ ተጠርቶ ወጥተህ ወዲያው ትገጥማለህ። ማዋሺው (ታጋዩ ወገቡ ላይ የሚጠመጥመው) ሐር አይደለም፣ ጥቁር ወፍራም ጥጥ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በቴሌቪዥን ከአገሪቱ ዮኮዙናዎች ጋር ሲታገል ያዩት ልጆች አሁን ፊት ለፊቱ ቆመዋል። እግሮቹ ከስተው ነበር። ሰባቱንም አሸነፈ። በመለያው ግጥሚያ ሮጋ በተባለ ወጣት ተሸነፈ። አዎ፣ ወርዶ የደረሰበት ዝቅተኛ እርከን ላይ እንኳን ዋንጫውን አላገኘም።

መውጣቱ

ከዚያ ከጆኒዳኑ ውድድር ጀምሮ የመጣው በቁጥር ሲታይ ይደንቃል። 7 ለ 0፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 7 ለ 0። አምስት ውድድር፣ 32 ድል፣ 3 ሽንፈት። የመጨረሻው 7 ለ 0 ማኩሺታ 10ኛ ላይ ሆኖ ያመጣው ነው። ማኩሺታ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 15 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ሆኖ ሰባት ለዜሮ የወጣ ሰው ጁርዮ መግባቱ ያለቀ ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 2020 ጁርዮ ተመልሶ 13 ለ 2፣ ዋንጫ። በማርች 10 ለ 5። የሜይ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ለሌላው ታጋይ መሰረዙ ኪሳራ ነው። ለእሱ ግን ማዕረግ የማያስቀንስ የአራት ወር እረፍት ሆነ። ድሮ የተሰረዘው ደንብ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሁሉም ሰው ተመልሶ የመጣ ያህል ነው።

ጁላይ 2020 ውድድሩ ከናጎያ ወደ ቶኪዮ ተዛወረ። በቀን የሚገባው ቢበዛ 2,500 ሰው ነው፣ መጮህ ክልክል፣ ማጨብጨብ ብቻ። ቴሩኖፉጂ ማኤጋሺራ 17 ላይ ነው። የማኩኡቺ ጭራ ማለት ነው። በ13ኛው ቀን አዲሱን ኦዜኪ አሳኖያማን አሸነፈ። በ14ኛው ቀን በሾዳይ ተሸነፈና ነገሩ ተንጠለጠለ። ያኔ የራሱ ቤት ልጅ ደረሰለት። ቴሩትሱዮሺ 169 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ታጋይ ነው። በዚያው ቀን ከአሳኖያማ ጋር ተመደበ። ገና ሲነሱ ዝቅ ብሎ ገብቶ እግሩን ለቀም አደረገና ጣለው። በመጨረሻው ቀን ቴሩኖፉጂ ሚታኬኡሚን አሸንፎ 13 ለ 2 ዋንጫውን አነሳ። ከመጀመሪያው ዋንጫው አምስት ዓመት አልፎታል።

አታጋገሉ ያው የድሮው አልነበረም። መጠበቁን ተወ። ዝቅ ብሎ ይነሳል፣ ቀኝ እጁን ከውስጥ ያስገባል፣ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ወደ ኋላ ተለጥጦ ማንሳት ቀረ። አንዱን ልማድ ግን አልተወም፦ የተጋጣሚውን ሁለት ክንዶች ከውጭ ቆልፎ መያዝ። ድሮ ቆልፎ ያነሳ ነበር። አሁን ቆልፎ ይጠብቃል። ክርናቸው ሲጨነቅ ቀስ እያለ በአጭር እርምጃ እየገፋ ከክቡ ያወጣቸዋል። ኪሜዳሺ ይባላል። በዝግታ ስለሚሆን ጨካኝ ይመስላል። ለታመመ ጉልበት ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፣ እግር ማጠፍ አይጠይቅም፣ መዝለል የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ያልፋል። ኖቬምበር 2020 ኮሙሱቢ ሆኖ 13 ለ 2፣ በመለያ በታካኬይሾ ተሸነፈ። በማርች 2021 ዋንጫ፣ ኦዜኪነትም ተመለሰ። በሜይ እንደገና ዋንጫ፣ በመለያ ታካኬይሾን አሸንፎ። በጁላይ 14 ተከታታይ ድል ይዞ የመጨረሻው ቀን ላይ ደረሰ። ፊት ለፊቱ የቆመው ሌላው 14 ለ 0፣ ሃኩሆ ነው። እሱም ከጉልበት ቀዶ ጥገና ነው የተመለሰው፣ ስድስት ውድድር በተከታታይ ሲያቋርጥና ሲቀር ከርሞ። ሃኩሆ አሸነፈ፣ 45ኛ ዋንጫውን ወሰደ፣ ጮኸ፣ ጡጫውን ወዘወዘ። ሥነ ሥርዓት የለውም ብለው የተቆጡ ብዙ ናቸው። ያ የሃኩሆ የመጨረሻ ውድድር ሆነ። ቴሩኖፉጂ ግን ተሸንፎም ዮኮዙናነቱን አገኘ። በዚያው ክረምት የጃፓን ዜግነት ወሰደ፣ የቤተሰብ ስሙም የኃላፊው ስም፣ ሱጊኖሞሪ፣ ሆነ።

ከጆኒዳን 48 እስከ ዮኮዙና 14 ውድድር ነው የፈጀው።

"የሚቀር ዮኮዙና"

አሁን ክርክር ያለበት ክፍል ላይ ነን። በዮኮዙናነት በመዝገቡ ላይ 21 ውድድር አለው፣ ከሴፕቴምበር 2021 እስከ ጃንዋሪ 2025። ከነዚህ ውስጥ እስከ መጨረሻው የታገለው ስምንቱን ብቻ ነው። የቀሩት 13ቱ ወይ ጭራሽ አልጀመራቸውም፣ ወይ መሃል ላይ አቋርጧቸዋል። ሃኩሆ ከወጣ በኋላ ብቸኛው ዮኮዙና እሱ ስለነበር፣ እሱ ሲቀር ውድድሩ ያለ ዮኮዙና ይካሄዳል። ትኬት የገዛ ሰው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

ስምንቱን ግን ልብ በል። 13 ለ 2 ዋንጫ። 15 ለ 0 ዋንጫ። 11 ለ 4። 12 ለ 3 ዋንጫ። 11 ለ 4። 14 ለ 1 ዋንጫ። 13 ለ 2 ዋንጫ። 12 ለ 3 ዋንጫ። ከጨረሳቸው ስምንት ውስጥ ስድስቱን አሸንፏል። ባጭሩ፣ ከገባና ከቆየ ዋንጫው የእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ከ2016 ጋር አስተያዩት። ያው ሰው ነው፣ ያው ጉልበት ነው። እንዲያውም ከ2016 የባሰ ጉልበት ነው፤ በኦክቶበር 2022 ሁለቱንም እንደገና ቀዶ ጥገና ተደርጓል፣ ከዚያ ሦስት ውድድር ቀርቶ በሜይ 2023 ሲመለስ 14 ለ 1 ነው ያመጣው። ልዩነቱ ሕጉ ነው። ኦዜኪ እያለ የቀረ ይወርዳል። ስለዚህ ታሞም ይታገላል፣ 2 ለ 13 ይሆናል። ዮኮዙና ሲሆን የቀረ አይወርድም። ስለዚህ ይተኛል፣ ይታከማል፣ ሲችል ብቻ ይመጣል። ማረፍ የተፈቀደለት ጉዳተኛ አሸናፊ ሆነ። ማረፍ የተከለከለው ያው ሰው ለዓመት ተኩል ሲሰቃይ ከርሞ ነበር።

ተቺዎቹም እውነት አላቸው። ዘመኑ ረድቶታል። ካኩርዩ በማርች 2021 ወጣ፣ ሃኩሆ በሴፕቴምበር። ኦዜኪዎቹ ራሳቸው በየተራ ይጎዱና ይወርዱ ነበር። አንድ ጤነኛ ሃኩሆ በዚያ መሃል ቢኖር ኖሮ ከስድስቱ ዋንጫ ስንቱ ይተርፍ ነበር? ብዙ አይመስለኝም። ደግሞ የዮኮዙና ሕግ የወጣው ለጉዳተኛ መጠለያ እንዲሆን አልነበረም። እሱ ግን አስር ዋንጫ አገኛለሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሮ ነበርና ማዕረጉን ለዚያ ተጠቀመበት። አሥረኛውን በጁላይ 2024 ናጎያ ላይ ታካኖሾን በመለያ አሸንፎ አገኘ። ከዚያ ሁለት ውድድር ቀረ። በጃንዋሪ 2025 ሞከረ፣ በአምስተኛው ቀን አቋረጠና በዚያው ሳምንት ጡረታ ወጣ። 33 ዓመቱ ነበር።

የእሱን መዝገብ አይቶ "የወረደ ሁሉ ይመለሳል" የሚል ካለ ተሳስቷል። በዚህ ዘመን ከእሱ ጋር የሚነሳው ኡራ ነው፤ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተጎድቶ ጆኒዳን 106 ወርዶ በሜይ 2021 ማኩኡቺ ተመልሷል። ሌሎቹ በጉልበት ጉዳት ከሱሞ የወጡ ወጣቶች ስማቸው በትንሿ ፊደል ባንዙኬው ላይ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ስለነሱ የሚጽፍ የለም።

ያልተፈታ ነገር

አንድ ክስተት አለ፣ ይሄን ሁሉ ንባቤን የሚያወሳስብብኝ። ማርች 2024 ኦሳካ ላይ ታኬሩፉጂ የሚባል የኢሴጋሃማ ወጣት በማኩኡቺ የመጀመሪያ ውድድሩ ይመራ ነበር። በመጀመሪያ ውድድሩ ዋንጫ ያገኘ ሰው ከ1914 ወዲህ የለም፣ 110 ዓመት። በ14ኛው ቀን የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ፣ በአምቡላንስ ሄደ። ሊወጣ አስቦ ነበር። ማታ ቴሩኖፉጂ መጥቶ አነጋገረው። አንተ ትችላለህ አለው። ልጁ በኋላ እንደተናገረው መራመድ የቻለው ከዚያ ንግግር በኋላ ነው። በማግስቱ ታስሮ ገባ፣ አሸነፈ፣ 13 ለ 2፣ ታሪክ ሆነ።

ቀጣዩን ውድድር ሙሉ በሙሉ ቀረ። መቅረት እንደ መሸነፍ ስለሆነ በጁላይ ጁርዮ ነበር። እዚያም ጀምሮ አቋረጠ። ወደ ማኩኡቺ የተመለሰው በኖቬምበር ነው።

በ2015 ሴፕቴምበር በተጎዳ ጉልበት ገብቶ ዋጋውን የከፈለው ያው ሰው፣ ለሌላው "ግባ" አለው። እንዴት እንደምረዳው አላውቅም። ምናልባት 110 ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ዕድል ከሌላው ሂሳብ ይለያል ብሎ ይሆናል። ምናልባት ያንን የ2015 ውሳኔ ራሱ ዛሬም አይጸጸትበትም። በ2018 "መጀመሪያ ሰውነትህን አድን" ያለው የቤቱ ኃላፊ ግን በ65 ዓመት የጡረታ ገደብ ምክንያት ቦታውን ለቀቀ። ከጁን 2025 ጀምሮ የቤቱ ኃላፊ ቴሩኖፉጂ ነው። ታኬሩፉጂም በእሱ ስር ነው፣ ከሃኩሆ ቤት የመጡትም ልጆች እንደዚያው። ከነሱ አንዱ ጉልበቱን ይዞ "ልተው ነው" ወይም "ልግባ ነው" ሲል መልሱን የሚሰጠው እሱ ነው።